አስር ሺህ ሰማንያን ለአስራ አንድ የማካፈል ጉዳይ

የታችኛው ማሳ የጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር፣ ቆቦ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የማህበሩ የሽንኩርት መጋዘን
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00

የተገኙ፦ አቶ ሙሉጌታ (ሰብሳቢ)፣ ሀጂ ሙሀመድሰይድ (የውሃ አባት፣ ተራ አስያዥ)፣ ወ/ሮ ኡሙሃኒ፣ አቶ አብርሃም (የዛሬ ባለተራ፤ ፓምፑን ከፍተው መምጣታቸውን አስመዝግበዋል)፣ ውዱ (ጸሐፊ) እና ሌሎች አምስት አባላት። አስሩም ስለተሟሉ ማሳ ላይ የቀረ ሰው የለም።
ባለጉዳይ፦ ወ/ሮ አስረሳሽ

አጀንዳ 1፦ አስራ አንደኛ አባል ስለመቀበል

ወ/ሮ አስረሳሽ መሬታቸው ከአቶ አብርሃም ማሳ ጋር እንደሚዋሰን፣ ሽንኩርታቸውም በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ እንደሚደርቅ ገለጹ። ሰብሳቢው ማዘናቸውን ገልጸው ችግሩ የቁጥር እንጂ የልብ አለመሆኑን አስረዱ። ሳምንት 10,080 ደቂቃ ነው። ይህ ቁጥር ከአንድ እስከ አስር ላሉት ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለአስራ አንድ ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ 916 ደርሶ አራት ይተርፋል። «እንዲህ ያለ ጨዋ ቁጥር በአንድ ሰው ምክንያት አይበላሽም» አሉ።

ሀጂ ሙሀመድሰይድ «ያ አላህ! አራት ደቂቃ እኮ ቦዩን እንኳ አታረጥብም» ማለታቸው ተመዝግቧል። አቶ አብርሃም ሳምንቱ በአራት ደቂቃ እንዲያጥር ሀሳብ አቀረቡ። ከየትኛው ቀን ይቀነስ ሲባል ጁምዓም እሑድም እንዳይነካ ተባለ። ሰኞ ሲጠቀስ የሰኞ ባለተራ ብድግ ብሎ መጋዘኑን አናወጠው። የአባላት ዓይን ያነባው በሽንኩርቱ ምክንያት ነው።

አጀንዳ 2፦ የሌለው ሰው

ጸሐፊው አፉ አላርፍ ብሎት፣ ቁጥሩ ለአስራ ሁለት ቢካፈል 840 ሆኖ ያለ ቀሪ እንደሚያልቅ ተናገረ። ስለዚህ ወ/ሮ አስረሳሽ ይግቡ፣ አስራ ሁለተኛ ሆኖም አንድ የሌለ ሰው ይመዝገብ ተባለ። ወ/ሮ ኡሙሃኒ የሌለው ሰው ማሳ የት እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ውሃው በአደራ በራሳቸው በሰብሳቢው ማሳ እንዲፈስ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። «ሙሉጌታ፣ የሌለ ሰው ውሃ ልትዘርፍ ነው?» ተባሉ። በዚህ መሃል ወ/ሮ አስረሳሽ «እስክትጨርሱ መጣሁ» ብለው ወጡ፤ ልብ ያላቸው የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፁ አምስት ለአምስት ሆነ። የሌለው ሰው እንዲያስታርቅ ተጠየቀ። ዝም አለ። ዝምታው እንደ ስምምነት ተቆጥሮ የሁለቱም አባልነት ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ከጠዋቱ 5፡20 ላይ ወ/ሮ አስረሳሽ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ። የአቶ አብርሃምን ውሃ ወደ ራሳቸው ማሳ መልሰው ሽንኩርታቸውን አጠጥተው መጨረሳቸውን በትህትና አሳወቁ። «አስራችሁም እዚህ ናችሁ፤ ማንን ላስፈቅድ?» አሉ። ጸሐፊው ደስ ብሎታል፤ ይህ ግን እንዳይመዘገብ ተነግሮታል።

አቶ አብርሃም ደቂቃዎቼ ይመለሱልኝ ብለው ጮኹ። የውሃ አባቱ ግን እነዚያ ደቂቃዎች ከተመለሱ ሳምንቱ ከ10,080 እንደሚበልጥ፣ ያኔ ለአስርም ለማንም እንደማይሆን አስረዱ። ቤቱ ደነገጠ።

ውሳኔ፦ ቁጥሩን ለማዳን ሲባል የዛሬው ስብሰባ እንዳልተካሄደ፣ ደቂቃዎቹም እንዳላለፉ እንዲቆጠር፤ የወ/ሮ አስረሳሽና የሌለው ሰው አባልነትን ጨምሮ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ያልተካሄደው ስብሰባም በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት፣ አስሩም አባላት ሳይጎድሉ እንዲካሄድ ተወስኗል። ይህን ሀሳብ ያቀረቡት ወ/ሮ አስረሳሽ ናቸው።

ስብሰባው 5፡30 ላይ፣ ሳይጀመር፣ ተበትኗል።

ውዱ፣ ጸሐፊ