ከሻምበሉ ቤት ውጣ ብዬ የመከርሁት ልጅ

እናንተዬ፣ ሰው የገዛ ተከራዩን በኢሜይል ቤት ልቀቅ ይላል? ያውም ሳያውቀው? ያውም መርቆ!

እኔ አደረግሁት። (ልትስቁ ከሆነ ጨርሳችሁ ሳቁ።)

ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የታየ፣ ያልታየ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልክ ላይ ማንበብ ለመድሁ። ነገር ግን ፌስቡክ ለእኔ ቢጤ አይመችም። መነጽሬን እስካስተካክል የጀመርሁት ጽሑፍ ሸሽቶ ይጠፋል!

ይህን ያየ ተከራዬ ታምራት ፊድ ሪደር የሚባል ነገር ጫነልኝ። ታምራት የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚህ ደብረ ታቦር መጥቶ ያስተምራል። ከግቢዬ አንዷን ክፍል ከተከራየ ዓመት አልፎታል።

ፊድ ሪደር ለማታውቁት፦ የምትወዷቸውን ድረ ገጾች አንዴ ትመዘግቡበታላችሁ። ከዚያ ወዲያ አንዱ አዲስ ነገር በጻፈ ቁጥር እሱ ለቅሞ፣ ማስታወቂያውንና ፎቶውን ልጦ፣ ጽሑፉን ብቻ ያመጣላችኋል። ያልተነበበው ደመቅ፣ የተነበበው ፈዘዝ ብሎ ይደረደራል።

መዝገብ ቤት በሉት!

"የትኞቹን ልመዝግብልዎት?" አለኝ።

"አንተ የምታነባቸውን" አልሁት።

የራሱን ዝርዝር እንዳለ ገለበጠልኝ። ዐሥራ አንድ ብሎግ። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ከዐሥራ አንዱ አንዱን አብልጬ ወደድሁት። ጸሐፊው ስሙን አይናገርም። የከተማውንም ስም አይጠራም፤ ብርዱን ብቻ ያማርራል። ደብረ ብርሃን ይሆናል ብዬ ደመደምሁ። (የእኛው የጉና ተራራ ነፋስ ጀርባዬን እየገረፈኝ!)

የሚጽፈው ስለ አከራዩ ነው። ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው።

ሻምበሉ ቃል አይወጣቸውም። "ደህና አደርህ" ሲሉ ትእዛዝ ይመስላል። ዶሮ ቆጥ ላይ ሳይወጣ በር ይዘጋሉ። ልጁ ሲገባ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ኮቴውን ይቆጥራሉ። ታሞ ቢተኛ እንኳ ምግብ ደጁ ላይ አስቀምጠው፣ አንዴ አንኳኩተው ሄዱ አሉ።

እንዴት ያለ ድንጋይ ሰው ነው! አልሁ። እኔም በር በጊዜ እዘጋለሁ፤ ግን እንደ እሳቸው አይደለም።

(እናንተ ነቅታችኋል አይደል? እኔ አልነቃሁም!)

ከጽሑፉ ግርጌ "በኢሜይል መልስ ይስጡ" የሚል አለ። ነካሁት። የእኅቴ ልጅ ኢሜይል ስትከፍትልኝ "ማንም የማያውቀው ስም ይሁን" ስላለችኝ የክርስትና ስሜን ነበር የሰጠኋት። ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ወለተ ሥላሴ።

ልጁ "እማሆይ" ብሎ መለሰልኝ። መነኩሲት መሰልሁት! ላርመው ይገባ ነበር። አላረምሁትም። መከበር አይጠላም።

ከዚያማ ምክር በምክር ሆንሁ። ባለፈው ሳምንት የጻፍሁትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ "ልጄ፣ ከዚያ ድንጋይ ሰው ቤት ውጣ። ዛሬ ነገ አትበል። እግዚአብሔር የተሻለ ደጅ ያሳይህ።"

ዛሬ ረፋዱ ላይ ታምራት ፍራሹን ጠቅልሎ በረንዳው ላይ አቆመና መጣ።

"እትዬ ዘነበች፣ በጋፋት መንገድ ቤት አገኘሁ። ዛሬውኑ ልወጣ ነው።"

"ምን ጎደለብህ?"

"ኧረ ምንም! እንዲያው… አንዲት እናት መክረውኝ ነው። መነኩሲት ናቸው፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። በኢሜይል እንጻጻፋለን።"

"እንዲህ ነው?" ብዬው ወደ ቤቴ ገባሁ። ፊቴ ላይ ምንም አልታየም። በዚህ እታወቃለሁ።

ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ!

ጸሐፊውም ታምራት ነው። ታዲያ ሻምበሉ ማነው? ግቢያችን ውስጥ ሻምበል የለም። አንዲት ጡረተኛ ብቻ ናት ያለችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ "ሙሉውን ገጽ ክፈት" የሚለውን ነካሁ። አናቱ ላይ ትልቅ ፎቶ አለ። ሰማያዊ በር፣ የታችኛው ጥግ በቆርቆሮ የተጣፈ። ቆርቆሮውን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ፊድ ሪደሩ ይህን ሁሉ ወር የገዛ በሬን ሲልጥብኝ ኖሯል!

አዎ፣ ኮቴ አዳምጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ከእኔ ኮቴ በቀር አይሰማም ነበር። ታምራት መግባቱን እሰማለሁ፣ ከዚያ በሩን እቀረቅራለሁ። ምግቡንም ደጁ ላይ ያኖርሁት ላጤ በተኛበት ዘው ብዬ እንዳላሳፍረው ነው።

ወጥቶ ይህንኑ መናገር ነበር። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ኢሜይል ጻፍሁ!

"ልጄ፣ ደግሜ አሰብሁበት። ሻምበሉን ታገሣቸው። ልባቸው ደግ ይመስለኛል።"

ከግድግዳው ወዲያ ስልኩ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያው መለሰ፦ "እማሆይ፣ ዛሬ ነገ አትበል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለመሆኑ ሻምበሉን የት አገኟቸው?"

በጾም ቀን፣ በክርስትና ስሜ እዋሻለሁ! ከዚህ በታች መውረጃ አለ?

ስልኬን ይዤ ወጣሁና በእጁ ሰጠሁት። የገዛ ደብዳቤዎቹን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ስልኩን አየ።

"እ… እማሆይ?"

"መነኩሲት አይደለሁም። ሻምበልም አይደለሁም" አልሁት።

የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ዘጭ አለ። "የራሴን ብሎግ ከዝርዝሩ ማውጣት ረስቼ! ሁሉንም አንብበዋል?"

"ሁሉንም።"

"ስለ ኮቴውም?"

"ስለ ኮቴውም። መጋረጃ ግን አልገልጥም። እሱን ጨምረሃል።"

"ለማሳመር ነው እኮ፣ እትዬ!" አለና ሳቁ አመለጠው። "አሁን ምን ልሁን? እማሆይ ውጣ ይሉኛል፣ እማሆይ ታገሥ ይሉኛል።"

"እኔ ደግሞ አትሂድ እላለሁ።"

ይህን ያህል ቃል ባንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ከፍራሹ ላይ ተነሣና ገመዱን መፍታት ጀመረ። አንድ ነገር ግን ጠየቀ፦ ብሎጉን ከፊድ ሪደሬ ላይ እንድሰርዝ። "እርስዎ እያነበቡኝ መጻፍ አልችልም" አለ። እውነቱን ነው። እፊቱ ቆሜ ሰረዝሁት። ዐሥር ቀሩኝ።

ይኸው አሁን ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ኪቦርዱን ሲቀጠቅጠው ይሰማኛል። ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም! እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አላነብም።

እናንተ ግን ቃል አልሰጣችሁም። ስለ አንድ ሻምበል የሚጽፍ ልጅ ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ዛሬ ማዕረግ ተጨመረልኝ ወይስ ተገፈፍሁ?