መነጽር ያደረገው በግ

ትናንት ተኝቼ በሕልሜ በጌ ሕግ ሲፈትነኝ አደረ። መልካም ያድርገው ብላችሁ ስሙኝ።

በፊት ግን ምን አስቤ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ልጆቼን አሳድጌ ጨርሻለሁ። ይትባረክ አግብቶ ወጥቷል፤ ሶስና ሥራ ይዛ ከኔው ጋር ናት። አባታቸው ነፍሱን ይማርና ሲሞት በቤታችን ጉዳይ ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ጠበቃው ስለኔ ይናገራል፣ ዳኛው ይመልሳሉ፣ እኔ መሐል ቆሜ አፍ አፋቸውን አያለሁ። በመጨረሻው ቀን ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። ወጥቼ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ፣ «ልጄ፣ ተፈረደልኝ ወይስ ተፈረደብኝ?» አልኩት። ተፈርዶልኝ ኖሯል። ደስ ይለኛል ስል አለቀስኩ። በገዛ ቤቴ ጉዳይ በገዛ ቋንቋዬ የተነገረ ነገር ሳይገባኝ ቀረ እኮ። ያን ቀን ሕግ እማራለሁ አልኩ።

የማታው የሕግ ትምህርት መግቢያ ፈተና አለው። ተመዘገብኩ። ሶስና ከሥራ ስትመለስ ታስጠናኝ ጀመር። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሷ መጽሐፉን ይዛ ትጠይቀኛለች።

«እማዬ፣ ሁሉም ዳኛ ሰው ነው። አንዳንድ ሰው ሐቀኛ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ዳኛ ሐቀኛ ነው ማለት ይቻላል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ምርጫው ውስጥ እግዚአብሔር የለም እማዬ። ይቻላል፣ ወይ አይቻልም ነው።»

«ታዲያ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?»

«አይቻልም ነው መልሱ። ሐቀኞቹ ሰዎች ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዳኛ ላይሆኑ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ለመድኩት። ችግሩ ቀኑ ነው። ፈተናው ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጠዋት ላይ ዋለ። ኅዳር ሚካኤል። እኔ ደግሞ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። በየወሩ በተራ እንደግሳለን፣ የኅዳሩ ተራ የኔ ነው። በኛ ማኅበር ተራ ማዛወር የሚባል ነገር የለም። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ እትዬ ማንያህልሻል ናቸው። አንዷ ምጥ ይዟት ተራዬ ይለፈኝ ብትላቸው፣ «ጽዋው አንቺ ቤት ይግባ፣ አንቺ ሆስፒታል ግቢ» ያሉ ሴት ናቸው።

ለሳቸው ፈተና አለብኝ ብዬ ልንገር? በዚህ ዕድሜዬ? «ለሰማይ ቤትሽ መሰናዳት ትተሽ ለዩኒቨርሲቲ?» ሲሉኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። ደግሞም ያልሆነ ነገር ቀድሞ አይወራም፤ የሰው ዓይን አለ። ዝም አልኩ። ጠላዬን ጠመቅኩ፣ ዳቦዬን ደፋሁ፣ በግ ገዝቼ ከጓሮ አሰርኩ፣ ቢላዋውን አሳልኩ። ሶስና ሁለት እርሳስና ላጲስ ሰጠችኝ፤ መቅረጫ ግን ቤቱን ብናገላብጠው ጠፋ። ሁሉንም ከመታወቂያዬ ጋር ትራስጌ አኖርኩ። ስልኬን ዘጋሁ። «ሚካኤል ሆይ፣ አንተ ክንፍ አለህ፣ ሁለት ቦታ ትደርሳለህ። እኔ ያለኝ እግር ነው» ብዬ ጸለይኩና ተኛሁ።

ታዲያ በሕልሜ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። ታክሲው የኋሊት ይሄዳል፤ ረዳቱ «ሂሳብ ተቀበሉ፣ ከኋላ ሂሳብ ያልደረሰው» እያለ ለተሳፋሪው ይከፍላል። ወራጅ አለ ብል ሹፌሩ ወረደና እኔ ቀረሁ። ቢሆንም ደረስኩ።

ፈተናው ቦታ የተሰለፉት ፈታኞቹ ናቸው። ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች ማስረጃቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ተፈታኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሽንብራ ይቆረጥማሉ። አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር እጅ ነሳኝ።

«እናቴ፣ እባክዎ ቶሎ ይፈተኑልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«ነገ ና» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። አመስግኖ ሄደ። ከኋላው ያለው ደግሞ «እኔንም ነገ ና ይበሉኝ» ብሎ ለመነኝ።

በሩ ጋ ልጆቼ ቆመዋል። ይትባረክ ሽበት በሽበት ሆኖ ጋቢ ለብሶ ምርኩዝ ይዟል። የሶስና ጥርስ ረግፏል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ቁርሷን በልታለች?» አለች ሶስና።

«የት ትበላለች። ስታጠና ነው ያደረችው» አለ ይትባረክ።

«ኧረ ልጆች፣ እኔ እኮ እናታችሁ ነኝ» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በይ» አለኝ ልጄ። ግንባሬን ሳመና ብርቱካን እጄ ላይ አኖረ። ሶስና ጠበል በጆግ አምጥታ ከራሴ እስከ እግሬ ለቀቀችብኝ። «ብትወድቂም ልጃችን ነሽ» አለችኝ። ውኃው ደረቅ ነበር።

ወደ ውስጥ ልገባ ስል ፈታሿ እጇን ዘረጋች።

«የምትኮርጂበት የታለ?»

«የለኝም።»

«ያለ ኩረጃ መግባት ክልክል ነው። ማስታወቂያውን አላየሽም?»

«እኔ እግዚአብሔርን እፈራለሁ።»

ፈታሿ አዘነችልኝ። ከደረቷ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣችና መዳፌ ውስጥ ሸጎጠች። «ለዛሬ በኔ ግቢ» አለች። ገልጬ ባየው ውዳሴ ማርያም ነው። ያውም ቀኑ ቅዳሜ ሆኖ ሳለ የማክሰኞው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ጣሪያው ላይ ተተክለዋል። እዚያው ቁልቁል ተቀመጥን፣ የወደቀ የለም። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ በጌ ጉብ ብሏል። የጓሮው በግ። ገመዱን እንደ ከረባት አስሮታል፣ መነጽር አድርጓል። መነጽር ካደረገ በኋላ አንተ ማለት ከበደኝ።

«እንዴት አደሩ?» አልኩት።

«ታስሬ።»

«እኔ እኮ ለድግሱ ብዬ ነው የገዛሁዎት…»

«እሱ ጉዳይ ይግባኝ ላይ ነው። አሁን ስለሱ አንነጋገርም። ወረቀትሽን ገልብጪ።»

ገለበጥኩ። ወረቀቱ ላይ ጥያቄ የለም፣ መልስ ብቻ ነው። አንደኛው «ለ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ኧረ ሐ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ከላይ ያሉት ሁለቱን አትመኚያቸው» ይላል። ጥያቄውን የምንጽፈው እኛ ነን። ከጎኔ አንድ ዳኛ ጥቁር ካባውን እንደለበሰ ይንሰቀሰቃል።

«ምነው ልጄ?»

«መልስ መልሱን ብቻ ነው ያጠናሁት እናቴ። ጥያቄ ይመጣል ያለኝ የለም።»

ብርቱካኔን ከፍዬ ሰጠሁት። ላጠና ልጣጩን በልቶ ፍሬውን ጣለው።

እኔ ስፈልግ ስፈልግ ከታች አንድ ጥያቄ አገኘሁ። «በግ የሰረቀ ሰው ቢያዝ ማን ይታሰራል? ሀ. በጉ። ለ. ገመዱ። ሐ. በጉን ያሳደገችው ሴት። መ. ሁሉም በየተራ።» ቀና ብዬ በጉን አየሁት።

«እኔን አትዪኝ» አለኝ። «ባለጉዳይ ነኝ።»

ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ከምርጫዎቹ ሥር «ሌባው» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። በጉ ከጠረጴዛው ወርዶ መጥቶ አነበበ። ጆሮዎቹ ቆሙ።

«ሌባው ምርጫ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ የሰረቀው ማን ነው?»

«እሱን ማን ይጠይቃል?» አለ። ግን መነጽሩን አውልቆ በገመዱ ጫፍ ጠረገው። ያለቀሰ መሰለኝ።

እርሳሴ ደግሞ በጻፍኩ ቁጥር ይረዝማል። መጀመሪያ ክንድ አከለ፣ ቀጥሎ መቋሚያ አከለ። ሁሉም ተፈታኝ እርሳሱን ተመርኩዞ እንደ ማኅሌት ቀን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ርዝመቱስ ባልከፋ፣ ጫፉ ዶለዶመብኝ።

«መቅረጫ ያለው?» አልኩ።

«መቅረጫ የሚሰጠው ላለፈ ሰው ነው» አለ በጉ።

«ለማለፍ እኮ ነው የፈለግኩት።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።»

ይሄኔ በሩ ተበረገደና ማኅበርተኞቼ ነጭ በነጭ ለብሰው እልል እያሉ ገቡ። ከፊት እትዬ ማንያህልሻል ጽዋውን ታቅፈዋል። አዳራሹ ፍርድ ቤት ሆነ። የዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ተከሳሿም እኔ ነኝ። ዳኞቹ ከታች ቆመው «የተከበሩ ተከሳሽ፣ እባክዎ ቀጠሮ ይስጡን» ይላሉ።

«ክሱ ምንድነው?» አልኩ።

እትዬ ማንያህልሻል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠላው ጥሟል። ዳቦው በስሏል። በጉ ሰብቷል። እሷ የለችም።»

«አለሁ እትዬ፣ ይኸው።»

«ይቺ እሷ አይደለችም።»

«ማስረጃ?» አለ በጉ።

«ሁሉም ማኅበርተኛ ሴት ናት» አሉ እትዬ ማንያህልሻል። «አንዳንድ ሴት ተማሪ ናት። ስለዚህ አንዳንድ ማኅበርተኛ ተማሪ ናት ማለት ይቻላል?»

«አይቻልም» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ሶስናም በጥርስ አልባ አፏ ከበር ሆና አይቻልም አለች።

ሚዛን አመጡ። ባንዱ በኩል ጽዋውን፣ ባንዱ በኩል እርሳሴን ሰቀሉ። አንዱን ያዢ፣ አንዱን ተዪ አሉኝ። እጄን ወደ ጽዋው ስሰድ ያ የፍርድ ቤት ዘበኛ መጣና፣ «እማማ፣ ተፈረደልዎ ወይስ ተፈረደብዎ?» አለኝ። ምን ልበለው፣ ፍርዱን አላውቀውም። ወደ እርሳሱ ስሰድ ሴቶቹ እልልታውን አቋርጠው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ባሌን አብረውኝ የቀበሩ ሴቶች ናቸው። እጄ መሐል ላይ ቀረ። «ሚካኤል ሆይ፣ ክንፍህን አውሰኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

በጉ መዶሻውን አቀበለኝ። «አንቺው ፍረጂ። ቶሎ በይ፣ ቀጥሎ የኔ ይግባኝ ነው።»

ምን ብዬ እንደምፈርድ ሳላውቅ መታሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጨነቀኝና መዶሻውን አስቀመጥኩት። ድምፁ ግን አልቆመም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ነቃሁ። የሚንኳኳው የግቢያችን በር ነው። ሊነጋ ነው። አማተብኩ። ሶስናን አየኋት፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ ጥርሷ ሙሉ ነው። በጉ ከጓሮ እንደ በግ ጮኸ። ሁሉም በቦታው ነው፣ ተመስገን ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

በሩን ብከፍት እትዬ ማንያህልሻል ናቸው።

«እትዬ፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው፣ ድምፅሽን ቀንሺ።» ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተገላመጡ። «ማኅበሩን ወደ ከሰዓት ገፍቼዋለሁ። ለሴቶቹ ሁሉ ደወልኩ፣ ያንቺ ስልክ ዝግ ነው።»

ትንፋሼን የያዝኩት ገና ከሕልሜ ጀምሮ ነበር መሰለኝ፣ አሁን ለቀቅኩት። የበጉም ቀጠሮ ተራዘመለት።

«ተራ ይዛወራል እንዴ እትዬ?»

«ተራው ያንቺው ነው፣ የተገፋው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ጉዳይ አለብኝ።»

«በሚካኤል ቀን?»

«ለሚካኤል ነግሬዋለሁ።»

«የምን ጉዳይ ነው?»

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ከደረታቸው መታወቂያና ሁለት እርሳስ አወጡ። ሁለቱም ዶልዱመዋል።

«ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። «ያልሆነ ነገር ቀድሞ አይወራም። መቅረጫ አለሽ?»

«የለኝም እትዬ» አልኳቸው። «ለበጉ ያሳልኩት ቢላዋ አለ። ይግቡ፣ የኔንም አብረን እንቅረጸው።»