የአያ ታከለ ፊት በስንት ይከራያል?

ፎቶ አንሺ ማለት የሰው ፊት እየሸጠ የሚኖር፣ የራሱን ፊት ግን በነጻ እንኳ የሚወስድለት ያጣ ፍጡር ነው። አትሳቁ! ይህን የምላችሁ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የምውለው እኔው ራሴ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አርብ ገበያ አጠገብ አንድ አውድማ ላይ አያ ታከለን ገብስ ሲያበራዩ አነሳኋቸው። መንሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከት ብለው ስቀዋል። አሳድጌ መስኮቴ ላይ ሰቀልኳቸው... ገበያዬ ደራ።

ሰሞኑን ታዲያ ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ ስልክ ተደወለልኝ። ሰውየው በሚኒባስ ሲያልፍ ፎቶውን አይቶት ኖሯል።

"ከረጢታችን ላይ ልናትመው ነው። ስንት ትላለህ?"

እኔ የማውቀው የጉርድ ፎቶ ዋጋ! በሃያ አባዝቼ ነገርኩት።

"እሺ!"

ገዢ ሳይከራከር እሺ ሲላችሁ ጠርጥሩ። እኔ ግን በደስታ ሰከርኩ። ውሉን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ፎቶው በማንኛውም ዕቃ ላይ፣ በመላው ዓለም፣ ለዘላለም የፋብሪካው ይሆናል ይላል። ከታች የአያ ታከለ ፊርማ ይፈለጋል።

አርብ ዕለት ወርጄ ከብት ተራ አገኘኋቸው። በሬያቸውን ለአንድ ገበሬ ሊያከራዩ ይከራከራሉ።

"አያ ታከለ፣ ፎቶዎን ልሸጠው ስለሆነ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለዘላለም።"

"ኧረግ! ቅዳሴ ነው እንዴ?" አሉና ወደ በሬው ጠቆሙኝ። "ይኸን ሳከራይ ለስንት ቀን፣ ለየትኛው ማሳ ብዬ ነው። ለገብሱ የወሰደው ለስንዴው ካረሰበት ሌላ ኪራይ ነው። ለጎረቤቱ ማዋስማ የለም! አንተ በሬህን ከነገመዱ ሰጥተህ ልትመጣ ነው?"

አፈርኩ። እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

"ጌታዬ፣ ፎቶው አይሸጥም፤ ይከራያል። ለአንድ ዓመት፣ ለዱቄት ከረጢት ብቻ። ለብስኩት ካሰባችሁ ሌላ ኪራይ ነው። ለሌላ ድርጅት ማዋስ የለም። ዋጋውም የበፊቱን አሥር እጥፍ!"

ሰውየው ዋጋውን ሁለቴ አስደገመኝ።

"የፎቶ ፈቃድ ሕግ ተምረሃል እንዴ?"

"አዎ።"

"የት?"

"አርብ ገበያ፣ ከብት ተራ።"

ተስማማ! በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። "እኩል እንካፈላለን" አልኳቸው አያ ታከለን። እዚያው በወረቀት የጻፍኩትን አዲስ ውል አስነብበው ፈረሙልኝ። እስክሪብቶዬን ግን አልመለሱልኝም።

"እዚያ መስኮትህ ላይ ያሰርኸኝስ?"

"እ... እሱማ..."

"ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ ስጠራልህ ኖሬ የለም? እሱ ለየትኛው ማሳ ነበር?"

በሬውን ሊከራይ የመጣው ገበሬ በሳቅ ፈነዳ። ለካ የዘላለሙን ውል ከፋብሪካው በፊት የፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ያለ ፊርማ!

የሁለቱን ዓመት ኪራይ ከድርሻዬ ከፍዬ ተመለስኩና ፎቷቸውን አወረድኩ። አሁን መስኮቴ ላይ የተሰቀለው የራሴ ፊት ነው። ኪራይ አይጠይቅም... ደንበኛም አይጠራም።