ትራስ የተደገፈ ሹፌር

ተጋድሞ መኪና የሚነዳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሐረር ሞልቶናል። ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ በጎኑ ትራስ ይሸጉጥና በርጫ ላይ ጫት እንደሚቅም ሰው ክንዱን ይደገፋል። ከውጭ ለሚያየው መኪናዋ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ግንባሩን ካያችሁ እድለኛ ናችሁ።

ጎረቤቴ አብዲ እንዲህ ነው። ደግሞ የጎማ አየር የሚለካው በእግሩ ነው። አንዴ በካልቾ ይለውና "ወላሂ ድንጋይ ነው" ይላል፤ በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ጎማው ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

ባለፈው ከኤረር በር አሳፍሮኝ፣ ከኋላው ተቀምጬ ወደ ሐኪም ጋራ ተራራ ስንወጣ፣ ዳገቱ መሃል ወንበሩ አልመቸው አለ። ለዚህ ብሎ መኪና ማቆም? አብዲ? እየነዳ ማስተካከያውን ሳበው። ወንበሩ ከነአብዲ፣ ከነትራሱ ተንሸራቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። እግሩ ፍሬን ጋ አይደርስ፣ እጁ መሪ አይነካ። መኪናዋ ለአፍታ አሰበችና ወደ መጣችበት ቁልቁል ጀመረች።

"ጋሼ፣ ይግፉኝ አቦ!"

ምን ምርጫ አለኝ? በሁለት ጉልበቴ ወደ ፍሬኑ መለስኩት። ፍሬኑን እስኪረግጥ ግን መኪናዋ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተላትማ የኋላ ጎማዋ ፈነዳ።

አብዲ ተረጋግቶ ወረደ። የፈነዳውን ጎማ በካልቾ አለው።

"ትንሽ አየር ቀንሷል" አለ።

ከዚያ በመስኮቱ አየኝ። ሁለቱም ጉልበቶቼ አሁንም ወንበሩን እንደገፉ ናቸው።

"ጋሼ፣ ወንበሩን ይልቀቁት እንጂ። እኔ እኮ ወርጃለሁ።"