የቆመ ሥዕል ጠላት

ግንቦት 9 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አጎቴ የቴሌቪዥኑን ስክሪን ማጠብ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ማጠብ ስል ውኃና ሳሙና እንዳይመጣባችሁ። አንድ ሥዕል ብዙ ቆሞ ጥላው ስክሪኑ ላይ ሲቀር፣ እንዲለቅ ነጭ ብቻ ከፍቶ ለረጅም ሰዓት መተው ነው። ነጩን ከፈተ፣ ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ፣ እዚያው እስከ ወዲያኛው አረፈ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን ልናጠፋ ስንል፣ ሚስቱ ከአልጋዋ ሆና ጮኸችብን።

«ተዉት! መሀል ላይ ካጠፋችሁበት ተነሥቶ ይቆጣል!»

እያለቀስን ሳቅን።

በእያንዳንዱ ዘመድ ውስጥ አንድ የዕቃ ዘበኛ አለ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ዘበኛው ራሱ ተናጋሪው ነው። ታውቁታላችሁ። ሪሞቱን ከነላስቲኩ የሚያኖር፣ የመኪናውን ወንበር ፕላስቲክ ሳይገፍ ላብ በላብ ሆኖ የሚነዳ፣ ፍሪጅ ሲከፈት «ብርዱ ወጣ!» እያለ ከሌላ ክፍል የሚጣራ፣ እንግዳ ሲመጣ ከእንግዳው ፊት ይልቅ እንግዳው የተቀመጠበትን ሶፋ የሚያይ።

ከእነዚህ ሁሉ በማዕረግ የሚበልጠው አጎቴ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ሊቀ ቴሌቪዥን» ብሎ ሾመው፤ እሱም ሹመቱን ሳያቅማማ ተቀበለ። ዕድሜውን በመጋዘን ኃላፊነት የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑ ጠቦ አንድ ቴሌቪዥን ሆነ እንጂ ኃላፊነቱ አልቀነሰም። ቴሌቪዥኑ ፕላዝማ ነው። ፕላዝማ አንድ ምስል ሲቆምበት መጀመሪያ ጥላ ይይዛል፤ ቸል ካሉት ጠባሳ ይሆናል። ጥላ ይለቃል፣ ጠባሳ አይለቅም። ይህን ከእኛ ዘመድ የማያውቅ የለም፤ አጎቴ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ትቶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሁሉ ሲያስረዳ ነው የሚያመሸው። መደምደሚያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቆመ ሥዕል ሥር ያወጣል!»

ሰው ስስታም ይለው ነበር። እኔ የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተጣራ ነገር መጻፍ አልወድም፤ ስለዚህ ላጣራ። አክስቴ፣ ማለትም ሚስቱ፣ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፤ መገላበጥም አትችልም። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ነው የተሰቀለው። አንድ ጊዜ ልጆቿ ዘመናዊ የተባለ ቀጭን ቴሌቪዥን ገዝተው መጡና በደስታ ሰቀሉላት። ከፊት ላየው መስተዋት ነው። ከአልጋዋ ሲታይ ግን ሥዕሉ ሁሉ ይጠቁራል።

«ምነው እነዚህ ሰዎች፣» አለች ተከታታይ ድራማዋን እያየች፣ «መብራት አልከፈሉም እንዴ?»

አጎቴ በዚያው ቀን አዲሱን አወረደና አሮጌውን መልሶ ሰቀለ። ፕላዝማው ከየትም ቢያዩት አይጠቁርም። ደግሞም መሠራቱ ስለቀረ፣ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪሞቱ ከእጁ አልወረደም።

በኳስ ሰዓት ማዕዘኑ ላይ ውጤት የሚያሳየው ሳጥን ቀንደኛ ጠላቱ ነበር። ልብስ ሰፊው ጨዋታ ሊያይ መጥቶ ገና ሲመቻች፣ አጎቴ ቻናሉን ይቀይርበታል። «ስክሪኑ ይተንፍስ» ይላል። አንድ እሑድ እንደዚሁ ስክሪኑን ሲያስተነፍስ ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። እኛ ንብ እርባታ እያየን ነበር።

«ሊቀ ቴሌቪዥን!» አለ ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን ይዞ። «ይቺ ንብ ናት ጎሉን ያገባችው?»

«ጎል ያልፋል፤ ጠባሳ አያልፍም።»

«እኔ በበኩሌ ንቦቹን መርጫለሁ፣» አለች አክስቴ። «ዳኛ አይሰድቡም።»

ሥልጣኑ በቤቱ ብቻ ቢወሰን መልካም ነበር። አንድ ቀን የረሳሁትን ቁልፍ ሊያደርስልኝ መሥሪያ ቤቴ መጣ። በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ የተሰቀለው ፕላዝማ ከጠዋት እስከ ማታ የባለጉዳይ ተራ ቁጥር ነው የሚያሳየው። አጎቴ በሩ ላይ ሲደርስ ቀና አለና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ወይኔ! ወይኔ! ማነው የዚህ ባለቤት?»

ባለጉዳዮቹ መርዶ የመጣ መስሏቸው ብድግ አሉ። እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ቻናሉን ቀየረው። ፈርቶት የነበረው ደርሷል፤ ዜና አንባቢዋ ብቅ ስትል የተራ ቁጥሩ ሳጥን ጉንጯ ላይ ተቀምጧል።

«አባቴ፣» አለች አንዲት የተራ ወረቀቷን የያዘች ሴት፣ «ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ! አሁን በምን ልወቅ?»

«አይዞሽ እናቴ፣ ተራሽ አያልፍም። ይኸው ለዘላለም ተጽፎልሻል።»

አለቃዬ፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አጎቴ መሆኑን ተናገርኩ። ዛሬም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዱ ተነሥቶ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላል።

የእጥበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ነጭ ስክሪን ከቦ ይቀመጣል፤ አጎቴ ስለሚከታተል ትቶት መሄድ ያሳፍራል። አክስቴን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ግራ ገብቶት ምን እየታየ እንደሆነ ከጠየቀ፣ መልሱ ከአልጋው ነው የሚመጣው።

«ጉም የሚባል ድራማ ነው። ደህና መጣህ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ነን።»

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ከዚያ ቅዳሜ በፊት ስለነበረችው ዓርብ ለመናገር ነው። አክስቴ ለቀናት ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ቀትር ላይ ስገባ ከነመነጽሯ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ጣቢያው ተበላሽቶ ኖሮ አበባ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከሥሩም በትልልቁ «ይቅርታ» የሚል ጽሑፍ ቆሟል፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃም አብሮት አለ። አጎቴ ሪሞቱን እንደ ሽጉጥ ደግኖ መሀል ክፍል ቆሟል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው፤ ግን አይጫንም።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ ቆሟል እኮ፣» አልኩት በሹክሹክታ።

«እስስ! አይቻለሁ።»

«ቀይረዋ።»

«ሌላው ጣቢያ ይጮሃል። ድምፁን ባጠፋውም ዝምታው ይቀሰቅሳታል፤ አውቃታለሁ።»

«ሥር ያወጣል።»

«ያውጣ፣» አለ። «ተኝታለች።»

ወንበር ባቀርብለት እምቢ አለ። ቆሞ ስክሪኑን ያያል፣ ዞሮ እሷን ያያል፣ እንደገና ስክሪኑን ያያል። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ «አይ አበባ!» ብሎ ጥርሱን ሲያፋጭ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆኖ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ፤ እሱም ቆመ፣ አበባውም ቆመ። አክስቴ እንቅልፏን ጠግባ ተኛች።

ስትነቃ ጣቢያው ተስተካክሎ ዜና ጀምሯል። ዜና አንባቢው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲናገር ደረቱ ላይ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ «ይቅርታ» ተጽፏል። አክስቴ አጥብቃ አየችው።

«ዛሬ ገና እውነቱን አመነ፣» አለች።

ከዚያ ጥላውን አወቀችው። አንገቷን ወደ ባሏ አዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ አየኸው?»

«ጥላ ነው። ነገ አጥበዋለሁ።»

«ቢቀርስ?»

«ቢቀር ይቅርታ ነው እንጂ ስድብ አይደለ። ምን አለበት?»

እንዲህ ሲላት የሳቀችውን ሳቅ ወገቧ ከታመመ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እያመማት ሳቀች፤ እሱም ሪሞቱን አልጋዋ ላይ ጥሎ አብሯት ሳቀ። እኔ የማውቀው ሊቀ ቴሌቪዥን ሪሞት ጥሎ አያውቅም። ወደፊት ስለ እሱ ሲወራ፣ ዕቃ ይወድ ነበር የሚል ሰው ካለ፣ ወደ እኔ ይላክልኝ።

ከነመነጽሯ ስለተኛች አንደኛው የመነጽሩ እግር ተጣሞ፣ ብሎኑ ወልቆ ነበር። አጎቴ ትራሱን አገላብጦ ብሎኑን አገኘው፣ በመሐረብ ጫፍ ቋጠረው፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ መነጽሩን ይዞ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄደ። ድራማዋ ሳይጀምር ተመለሰ። መስተዋቱን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ ብርሃን ላይ አይቶ እንደገና ወለወለ፣ ጎንበስ ብሎም በቀስታ ዓይኗ ላይ አደረገላት።

«አሁንስ ታየሽ?»

«አንተ ፊቴ ቆመህ ምን ይታየኛል? ዞር በል እንጂ!»

«እሺ እመቤቴ፣» አለና ዞር አለላት።