ወናፍ ይዤ የተያዝኩ ዕለት

ናይሮቢ ውስጥ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ የሚጠይቃችሁ ኪታምቡሊሾ ነው። መታወቂያችሁን አሳይታችሁ ታልፋላችሁ። የኛ ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ሻይ ጋብዟችሁ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ሲያበቃ፣ ቀስ ብሎ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ለዚህ የሚታደስ ወረቀት የለም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የገበሬ ልጅ» እያልኩ አልፌዋለሁ። ባለቤቴ ሶስናም የምታውቀው ይህንኑ ነበር።

አባቴ ግን ቀጥቃጭ ነው። ማረሻና ማጭድ የሚሠራ፣ በገበያ ቀን ሁሉም የሚፈልገው፣ በማዕድ ሰዓት ግን ማንም የማይፈልገው ሰው። በመንደራችን ሕፃን በታመመ ቁጥር «ቡዳ በላው» ተብሎ የአባቴ ዓይን ይነሳል። እኔም ከባዕድ ጋር ሳወራ መሬት መሬት ማየት የለመድኩት ያኔ ነው። እናንተ ጨዋነት ትሉት ይሆናል፤ ፍርሃት ነው።

ባለፈው ዓመት ዶክተር ዋንጂሩ የምትባል የታሪክ መምህር ለትርጉም ሥራ ጠራችኝ። ይህች ሴት የጥንት ባለእጆችን ሙያ የምታጠናው እነሱ እንደሠሩት አድርጋ ራሷ እየሠራች ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ማጭድ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማወቅ ዌስትላንድስ አንድ ግቢ ውስጥ ምድጃ አስቆፍራ፣ ከፍየል ቆዳ ሁለት ወናፍ አሰፍታለች። የኔ ድርሻ የአረጋውያን ቀጥቃጮች ቃል የተጻፈበትን ማስታወሻ ማንበብ ብቻ ነው። ይህን ያህልስ ባልፈራሁ። ግን ሐበሾችም ይዩት ብላ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰን ጋበዘች፤ ሶስናም ልጃችንን አዝላ ከእሳቸው ጋር መጣች።

ማስታወሻው «ነፋሱ ሳይቋረጥ በሁለት እጅ ይናፋል» ይላል። እንዴት እንደማይቋረጥ ግን አይናገርም። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሞከሩ፤ ብረቱ አልቀላ አለ። እኔ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ጣቶቼ እዚያው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

አንዲት ተማሪ ግን የወናፉን አፍ ሳትከፍት ወደ ላይ ሳበችው። እንዲያ ሲሳብ አየር የሚገባው በእሳቱ በኩል ነው፤ ፍም ይዞ ይገባል፤ ሲጫኑት መልሶ ፊት ላይ ይተፋዋል። የአባቴ ግራ ጉንጭ ምስክር ነው። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ልጅቷን ገፍቼ ወናፉን ነጠቅኳት፤ ፍሙን አራገፍኩ። ያኔ መነሳት እችል ነበር። እጆቼ እምቢ አሉ። አንዱ ሲከፍት ሌላው እየተጫነ፣ ብረቱ ቀላ፣ ከዚያም ነጣ።

ዶክተር ዋንጂሩ የት እንደተማርኩት ጠየቀችኝ።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ። ቀጥቃጭ ነው» አልኩ። የጠየቀችኝ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ የመለስኩት ግን በአማርኛ።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ቤት ስንደርስ ሶስና ልጃችንን አቅፋ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ስትወጣ ልጄን ከዓይኔ እየሸሸገቻት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ዳይፐር ልቀይርላት ነው የገባሁት» አለች። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እኔን ያስፈራኝ የአባትህ ዓይን አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየህ መዋሸትህ ነው።»



ጋሽ ታደሰ ሰላምታቸውን አላቋረጡም፤ እግዜር ይስጣቸው። በክፉ ዓይን ማመን ኃጢአት መሆኑን መስበካቸውንም አልተዉም። ከስብከቱ በኋላ በር ላይ ስንገናኝ ብቻ የልጅ ልጃቸውን ፊት በኮታቸው ይሸፍኑታል።

ዶክተር ዋንጂሩ ደግሞ ማስታወሻው የዘለለውን እንድጽፍላት፣ ከማን እንዳገኘሁትም ከሥሩ እንዳሰፍር ጠየቀችኝ። ሳምንት ሙሉ ሰበብ ስደረድር ከረምኩ፤ በመጨረሻ ሶስና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አኑራ አጠገቤ ቆመች። የአባቴን ስም ከነሙያው ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተጣመዋል። ቢሆንም ይነበባሉ።