የጋሽ ቆዩ ማሟሻ

እግዚአብሔርን የሚያስቀድም ጎረቤት ያልገጠመው ሰው፣ ቁርሱን በሰዓቱ የበላ ሰው ነው። እኔ አልበላሁም። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ገንዘብህን ይዘህ በሩ ላይ ትቆማለህ፣ እሱ ግን አንተን ገትሮ ከማይታይ ደንበኛ ጋር ጉዳዩን ይጨርሳል። ደግ ነው እንዳትል ያስረፍድብሃል። ክፉ ነው እንዳትል ዳቦው ይጣፍጣል።

የኛው የሰፈሩ ጋጋሪ ናቸው። ስም ያወጣላቸው ሰልፉ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሳንቲማችንን ጨብጠን ከመስኮታቸው ሥር ስንጋፋ፣ ክቡርነታቸው ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ብቅ ይሉና፣ "ቆዩ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ" ይላሉ። ባለቤቱ የሚሉት ፈጣሪን ነው። ፈጣሪ ደግሞ እስካሁን ራሱ መጥቶ ዳቦ ስላልወሰደ፣ በስሙ የሚወስዱለት በጎን ባለችው ትንሽ በር ይሰለፋሉ፤ መበለቷ፣ ሸክም ያቃተው ሸክላ አመላላሽ፣ ሥራ የጠፋበት፣ ቤት የጠፋበት። ትኩሱ ትሪ በዚያ በር ይወጣል። እኛ ከፋዮቹ ሽታውን እያሸተትን እንቆያለን። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ጋሽ ቆዩ ሳይሆን ምን ሊባሉ ኖሯል?

የኔ መስኮት ከምድጃቸው ጭስ ማውጫ ትይዩ ነው። በየማለዳው ያ ሽታ ገብቶ ከአልጋዬ እየጎተተ ሲያወርደኝ ኖሯል፤ የማልደርስበት ዳቦ ሽታ። ስለዚህ እግዜር የለም ከሚል በራሪ ወረቀት የለቃቀምኩትን ክርክር ሁሉ አንጠልጥዬ መስኮቱ ሥር እሰለፍ ነበር። አንድ ቀን፣ እግዜር ጥርስ የለውም፣ ዳቦ ምን ያደርግለታል አልኳቸው። ጋሽ ቆዩ ከትሪያቸው ቀና ሳይሉ፣ "ያላቸውን ይልካል" አሉኝ። ሰልፉ ሳቀብኝ። በዚያ ጠዋት ዳቦዬን የበላሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

እኛ ሌሎቻችን እንዴት እንደምንሰጥ ይታወቃል። ደሞዛችንን ተቀብለን ኪራይ እንከፍላለን፣ ጫማ እንገዛለን፣ ጓደኛ እንጋብዛለን፤ የተጨማደደ አንድ ብር ኪሳችን ጥግ ከተረፈ፣ እንደ ክኒን አጣጥፈን ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ እንጥላለን። ወንድማችን የሚታወሰን ኮታችን ክርኑ ላይ ሲበሳ ነው። ይህን ሁሉ አድርገን "ጌታ ይባርከን" ስንል ድምፃችን አይንቀጠቀጥም። ጋሽ ቆዩ አጠገብ ስትቆም ግን ያ የተጨማደደ ብር ኪስህ ውስጥ ይኮሰኩስሃል። ሰውዬው የማይወደዱት ለዚህ ነው።

ዱቄት የተወደደ ጊዜ ዳቦ ሁሉ ከሳ። የኛ ዳቦ እንደ በሽተኛ ጉንጭ ሟሸሸ። የባለቤቱ ዳቦ ግን ግራም አልቀነሰም። የሰፈሩ የሒሳብ መምህር ሁለቱን ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ እየመዘነ፣ የሚከፍለው እሱ፣ የሚከሳውም እሱ መሆኑ በየትኛው ስሌት እንደሆነ እንዲያስረዱት ጠየቀ። ጋሽ ቆዩ አላስረዱም። በጎን በር መሰለፍ ለማንም አልተከለከለም፣ እዚያ ማንም ማንንም አይጠይቅም ብቻ አሉት። መምህሩ እንደ ስድብ ቆጥሮት ሄደ።

እውነት ነው፣ እዚያ በር ማንም አይጠየቅም። ከዚያም አልፎ ማንም አይታይም። ጋሽ ቆዩ ዳቦ ሲያድሉ የሚያዩት እጅ ብቻ ነው። ፊት አያዩም። ጎረቤታቸው ቢሆን እንኳ እጁ ላይ ያኖሩና ወደሚቀጥለው እጅ ያልፋሉ። እኔ ትዕቢት ነው ብዬ ሰፈር ለሰፈር አውርቻለሁ።

የሰፈሩ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ አንድ ጊዜ ውል ይዞላቸው መጣ። የሚጋግሩትን ሁሉ ሊወስድ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እንግዶቹ ሳይነሱ የመጀመሪያው ትሪ እሱ ዘንድ እንዲደርስ። የመጀመሪያው ተይዟል አሉት። ማን እንደያዘው ይንገሩት እንጂ፣ የበለጠ ይከፍላል። "እሱን ጠይቀው" አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

ይባስ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ምስክርነት እንዲሰጡ አቆሟቸው። ጉባኤው የሚጠብቀውን ያውቃል፤ አንድ ሰጥቼ መቶ ሆነልኝ፣ ቤት ሠራሁ፣ መኪና ገዛሁ። እኔም ላፌዝ ብዬ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ቆዩ ቆባቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰጥቼ አልበዛልኝም" አሉ። "አነሰኝ። ደስ ይለኛል።" ተቀመጡ። አሜን የሚል ሰው ጠፋ። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ እስከዛሬም አልወጣችልኝም።

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት እዚያው ምድጃ ሥር አደገች። በትንሽነቷ ከመጀመሪያው ትሪ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ያረረውን ዳቦ እየሰረቀች ከዱቄት ጆንያ ጀርባ ትበላ ነበር፤ ጋሽ ቆዩም እንዳላዩ ሆነው ጀርባቸውን ይሰጧታል። አድጋ ነርስነት ለመማር ሩቅ ከተማ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ የሚነሳው ማለዳ ነው። አባትዋ ሊሸኟት ቃል ገብተዋል። በዚያ ጠዋት እኔም መስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም አየኋት።

ጋሽ ቆዩ ከምድጃው ሳይዞሩ፣ "ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ" አሏት።

ሻንጣዋን መሬት አላስነካችም። "ከጌታ ቀጥዬ ብሆን አይከፋኝም ነበር፣ አባዬ" አለች። "እኔ ግን ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ነኝ።" ከዚያ ትሪውን አየችና፣ የማትመልሰውን ነገር ተናገረች። "ደግሞ ለጌታህ ምን እንደምትሰጠው አይተህ ታውቃለህ? ማሟሻውን። የማይሸጠውን።"

ሄደች። ጋሽ ቆዩ አድለው ሲጨርሱ አንድ ትኩስ ዳቦ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሮጡ። ሲደርሱ የአውቶቡሱ ጭስ እንኳ በንኗል። ዳቦውን ከደረታቸው ሳያወጡ ነው የተመለሱት።

ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነበር። ምድጃ ገና ሙቀቱን ሳያስተካክል የገባ ዳቦ ባንድ ጎኑ ያራል፣ በሌላ ጎኑ ገርጥቶ ይቀራል። የሚያምረው ከሱ ቀጥሎ የሚገባው ነው። ይህን የማያውቅ ጋጋሪ የለም። ጋሽ ቆዩም ያውቁታል፤ እጃቸው ያውቀዋል፣ ጸሎታቸው ግን አልሰማም ነበር። ያን ያህል ዘመን መጀመሪያውን ለፈጣሪ እያሉ የምድጃቸውን መሞከሪያ ሲሰጡት ኖረዋል። በማግስቱ የመጀመሪያውን ትሪ አውጥተው፣ እንደ ባዕድ ዕቃ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ወደ ጎን አስቀመጡት። ሁለተኛው ትሪ ሲወጣ፣ እንደ ወርቅ የቀላው፣ በጎን በር ወጣ። እኛ ከፋዮቹ እንደገና አንድ ትሪ ወደ ኋላ ተገፋን። አንዲት ሴት ልጅ አፏን በከፈተች፣ የሰፈሩ ቁርስ ረፈደ።

ከዚያ ወዲህ ማሟሻው ጥቂት ዳቦ ብቻ ሆነ፤ የሚበሉትም ራሳቸው። እኔ ላሾፍባቸው ገባሁ። ቅመስ አሉኝ። ቀመስኩ። ባንድ በኩል ከሰል፣ በሌላ በኩል ሊጥ። በማግስቱም ገባሁ፤ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚዋረድ ለማጥናት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ክቡርነታቸው እና እኔ በየማለዳው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ያረረ ዳቦ የምናኝክ ሁለት ሰዎች ሆንን። ወንበራቸውን የሚያዞሩት ወደ መንገዱ ነው። "ዛሬ አውቶቡሱ ዘገየ" ይላሉ፣ ማንም እመጣለሁ ያላቸው ሳይኖር።

ልጅቷ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ብርድ አለ? የለም። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ትሪውን እንደለወጡ አንድም ቀን አልነገሯትም። ይንገሯት እንጂ ብዬ ተቆጣሁ። "በስልክ ዳቦ አይሸትም" አሉ። ቀጥለውም የለወጡት ለባለቤቱ እንጂ ለሷ ብለው እንዳልሆነ አስረዱኝ። አፋቸው ይህን ይላል፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ትመጣና ታያለች፣ አንዲት ጊዜ በዓይኗ ታያለች፤ የሚኖሩት ለዚህ ነበር። እኔም፣ በምንም የማላምነው ሰውዬ፣ ከአውቶቡሱ የሚወርደውን መቁጠር ለመድኩ።

መጣች። ዓመታት አልፈው፣ ጋሽ ቆዩ ሁለተኛውን ትሪ ተሸክመው ከምድጃው ሲዞሩ፣ ሻንጣዋን ይዛ በሁለቱ ሰልፍ መካከል ቆማለች። ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። ያ ሁሉ ወርቅ የመሰለ ዳቦ ፊቷ ነው፤ ከጎን በር ደግሞ እጆች ተዘርግተዋል። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ማን እንደሚቀድም እናያለን። ከዚያ ያው ልቤ ሳላዘው፣ ስጧት፣ ለአንዲት ቀን ስጧት እያለ ሲለምን ሰማሁት።

ጋሽ ቆዩ ትሪውን ወደ ጎን በር አዞሩ። "ቆዪ ልጄ" አሉ። "መጀመሪያ ባለቤቱ።"

 ልጅቷ በመበለቷ እጅ ላይ ያረፈውን ዳቦ አየች፤ ዙሪያውን እኩል የቀላውን። የጋጋሪ ልጅ ናት፣ ሳይነገራት ገባት።

"መቼ ነው የለወጥከው?"

"አንቺ የሄድሽ ማግስት።"

"ማሟሻውስ?"

በአገጫቸው መደርደሪያውን አሳዩዋት። እሳቸው እንደሚበሉት፣ ይሄም ሰነፍ እንደሚያግዛቸው ነገሯት። ይሄ ሰነፍ የተባልኩት እኔ ነኝ። እሷም ማንንም ሳታስፈቅድ ያረረውን አንስታ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ቆርሳ፣ ከሰል ከሰሉን አኘከች። ለረጅም ጊዜ አኘከች።

"እዚያ ያለው ዳቦ ሁሉ እኩል ነው የበሰለው" አለች፤ ስለ አንድ ክፉ አገር የምታወራ ነበር የምትመስለው።

በቆየችባቸው ቀናት ድርሻዬን በላችብኝ። ጋሽ ቆዩ ማሟሻውን ለሦስት ይቆርሱና ትልቁን ለሷ ይሰጣሉ። እኔ ፍርፋሪ እየለቀምኩ አጉረመረምኩ፣ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ ከሥራ የወሰደችው የዕረፍት ፈቃድ አለቀ። አውቶቡሱ የሚነሳው አሁንም ማለዳ ነው፤ ያንን ሰዓት የሚያወጣው ሰው እንቅልፍ የለውም መሰለኝ። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሁለተኛው ትሪ ገና ምድጃ ውስጥ ነው። ጋሽ ቆዩ ምድጃውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ እንደገና ምድጃውን አዩ። ግድ የለም አባዬ፣ እዚሁ እንሰነባበት አለች፤ ድምፅዋ ግን ግድ ነበረው።

"ሽርጡን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"አንተ? አታምንበትም እኮ።"

"ዳቦውም አያምንበትም።"

ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ሽርጣቸውን ፈትተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ከበሩ ሳይወጡ ዞረው፣ "ፊታቸውን አትይ፤ እጃቸውን ብቻ" አሉኝ። ከማሟሻው አንዱን ዳቦ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ሻንጣዋን ነጥቀዋት ወጡ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሲሄዱ በመስኮቱ አየሁ፤ ሁለቱም አይናገሩም፣ አረማመዳቸው ግን አንድ ነው።

ትሪውን አውጥቼ እጄን አቃጠልኩ። በጎን በር እጆች መጡ። ስንጥቅጥቅ ያለ እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ሕፃን የታቀፈ እጅ። በመካከል ጣቶቹ ጠመኔ የነካቸው አንድ እጅ ተዘረጋ፤ ጥፍሮቹ ንጹሕ፣ የሸሚዙ ጫፍ የተተኮሰ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ። ዳቦ ስትመዝን አይቻታለሁ። ዳቦውን አኖርኩባት፣ ቀና አላልኩም። ያኔ ገባኝ፤ ለካ ትዕቢት ብዬ ሰፈር ለሰፈር ያዞርኩት ይህንን ነው።

በመስኮቱ በኩል ከፋዮቹ ረፈደብን እያሉ ይንጫጫሉ። የሆቴሉ ሰውዬ ብር እያውለበለበ ይጠራኛል። ዱቄት በዱቄት እንደሆንኩ ብቅ አልኩ።

"ቆዩ" አልኩ። "መጀመሪያ ባለቤቱ።"

ጋሽ ቆዩ ተመልሰው ሲመጡ ኮታቸው ባዶ ነው። ደረሱ ወይ አልኳቸው። ደርሻለሁ አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና ተቀመጡ። ማሟሻውን አንስተው እንደለመዱት ለሦስት ቆረሱት። ከዚያ እጃቸው ባለበት ቀረ። አንዱን ለኔ ሰጡኝ፣ አንዱን እሳቸው ያዙ፣ ትልቁን ቀስ ብለው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

ያ ጠዋት ካለፈ ብዙ ሆኖታል። አሁንም ለሦስት ይቆርሳሉ። ትልቁ ቁራሽ በየማለዳው እዚያ መደርደሪያ ላይ ባንድ ጎኑ አርሮ፣ ባንድ ጎኑ ገርጥቶ ይቀመጣል። እኔ ሆዳም ነኝ፣ ሰፈሩ ይመስክር። ርቦኝም ያውቃል።

ነክቼው አላውቅም።